የአንድ ጉርድ ፎቶ ዋጋ

(መንዝ ውስጥ፣ በአንድ ገበሬ ግቢ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፤ የድሮው የብር ኖት ሊሻር አንድ ቀን ቀርቶታል፤ «ጨው ልገዛ» ብሎ ማለዳ ከተማ የሄደው ገብረየስ ጨውም ሳይዝ ተመልሶ ሚስቱን ይለማመጣል፤ እታገኝ ግን ገብሷን በሰፌድ እያበጠረች ቀና ብላ ልታየው እንኳ አልፈለገችም።)

ገብረየስ፦ ነገ ማለዳ ብንነሣ ከቀትር በፊት ተመልሰናል። አንድ ቀን ነው የጠየቅሁሽ እንጂ ዓመት አይደለም።

እታገኝ፦ ዛሬ የሄድክበት ጨው የታለ?

ገብረየስ፦ ጨው ተወዷል። እስኪረክስ ልጠብቅ ብዬ ተውኩት።

እታገኝ፦ ጠብቅ። እኛም አልጫውን ለምደነዋል። መቀነቴንስ የት አደረስከው? ማለዳ ከተሰቀለበት አጣሁት።

ገብረየስ፦ ወገቤን ወጋኝና አሰርኩበት።

እታገኝ፦ ወገብህን ነው ሆድህን? ምነው ዛሬ ቦርጭ አወጣህ? ከዚህ ቤት ማዕድ በልቶ ቦርጭ ያወጣ ፍጡር የለም። ድመቷ እንኳ ጎረቤት እየሄደች ነው ነፍሷን የምታቆየው።

ገብረየስ፦ አንቺ ደግሞ ነገር ስታንዛዢ! መታወቂያሽ አለ አይደል? የታደሰው?

እታገኝ፦ አለ። የሴቶች ቁጠባ ማኅበር ስንገባ ያሳደስኩት። አንተ «ሴት መታወቂያ ምን ያደርግላታል፤ ማን ጠፋች ብሎ ይፈልጋታል» ብለህ የሳቅህበት።

ገብረየስ፦ የባንክ ደብተርሽም?

እታገኝ፦ እሱም አለ። የእንቁላል ሽያጬን የማስገባበት፣ «የዶሮ ባንክ» ያልከው። ምነው ዛሬ እንደ ፖሊስ መረመርከኝ?

ገብረየስ፦ እንግዲህ... ባንክ ደርሼ ነው የመጣሁት።

እታገኝ፦ አንተ? ባንክ? ምን ልትለምን?

ገብረየስ፦ ጥቂት የድሮ ብር ነበረችኝ። ላስለውጥ ብዬ።

እታገኝ፦ ቆይ እስቲ ሰፌዴን ላስቀምጥ። «ብር ነበረችኝ» ነው ያልከው?

ገብረየስ፦ ጥቂት ነች አልኩሽ።

እታገኝ፦ ሰው ማለዳ ሲነሣ «በስመ አብ» ብሎ ያማትባል፤ አንተ «የለንም» ብለህ ነው የምታማትበው። ሃያ ዓመት ያንኑ ጸሎት ሰምቻለሁ። ዛሬ ምን ተገኘ?

ገብረየስ፦ ያው ለክፉ ቀን ያስቀመጥኳት ናት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማሽም?

እታገኝ፦ ሰምቻለሁ። ያንተው ግን ባንክ ድረስ ሄዶ በእግሩ ተመለሰ። ለምን መለሱህ?

ገብረየስ፦ መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ መታወቂያዬን አገላብጣ አየችና «ጊዜው አልፏል አባባ፣ አሳድሰው ይምጡ» አለችኝ። አባባ አለችኝ ደግሞ!

እታገኝ፦ ለምን አላሳደስከውም?

ገብረየስ፦ ታውቂው የለ?

እታገኝ፦ አውቀዋለሁ። ካንተ አፍ ልስማው።

ገብረየስ፦ ጉርድ ፎቶ አምጡ ሲሉን...

እታገኝ፦ ፎቶ አንሺው ቀበሌ ድረስ መጥቶ፣ አገር ሁሉ ፊቱን ታጥቦ ተሰልፎ ሲነሣ፣ አንተ ምን አልክ?

ገብረየስ፦ ተዪኝ እንጂ!

እታገኝ፦ «የራሴን ፊት በገንዘቤ አልገዛም» አልክ። ሰው ሳቀ። አንተ ደግሞ ያደነቁህ መስሎህ ቤት ገብተህ ደግመህ ነገርከኝ።

ገብረየስ፦ ሊቀ መንበሩን ባገኘው ዛሬውኑ ያድስልኝ ነበር። ወረዳ ስብሰባ ሄዷል፤ ማኅተሙንም በኪሱ ይዞት ሄዷል አሉ። እስከ ሰኞ አይመለስም።

እታገኝ፦ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄው ነው። ሦስት ወር ሙሉ ብር ተቀየረ ተብሎ ሲለፈፍ የት ነበርክ? የጎረቤት ሬዲዮ አጥር ተጠግተህ ስትሰማ አይቼሃለሁ።

ገብረየስ፦ ወሬ ነው ብዬ። በኋላም ሰልፍ ላይ ሰው ካየኝ «ለካ አለው» ይባላል፤ እድሩም መዋጮ ይጨምርብኛል፤ ብድር ፈላጊውም ደጄን ያንኳኳል። እስኪጨርሱ ልጠብቅ አልኩ።

እታገኝ፦ ሰው እስኪጨርስ ጠብቀህ ጊዜው ጨረሰህ። ለመሆኑ ስንት ነው?

ገብረየስ፦ ጥቂት።

እታገኝ፦ ጥቂት ቁጥር አይደለም።

ገብረየስ፦ ስምንት ሺህ።

እታገኝ፦ ስምንት ሺህ ሰውን ቦርጫም አያደርግም። መቀነቱን ፍታው።

ገብረየስ፦ ሰው ቢመጣስ?

እታገኝ፦ ማን ይመጣል? ለእንግዳ አንድ ዋንጫ ጠላ ቀርቦበት በማያውቅ ግቢ ማን ይመጣል? የሚያስታርቁን ሽማግሌዎች እንኳ ከቤታቸው ውሃ ጠጥተው ነው የሚመጡት። ፍታው፣ ወይ ንገረኝ።

ገብረየስ፦ አርባ አንድ።

እታገኝ፦ አርባ አንድ ምን?

ገብረየስ፦ አርባ አንድ ሺህ። አትጩኺ አደራ!

እታገኝ፦ ምን ድምፅ ቀርቶኝ እጮሃለሁ? አርባ አንድ ሺህ! የክብሪት እንጨት በምላጭ ለሁለት ስታሰነጥቀኝ የኖርክ ሰውዬ! «ዓይን ላለው ሰው መብራት ምን ይሠራለታል» እያልክ ኩራዙን እፍ ስትልብኝ፣ ስንቴ ከምሰሶው ተጋጨሁ!

ገብረየስ፦ እንዲያ ባላደርግ አርባ አንድ ሺህ ከየት ይገኝ ነበር?

እታገኝ፦ የጽጌን ጾም ካህናቱ ራሳቸው «በፈቃድ ነው» ሲሉ፣ አንተ ቤቱን ሙሉ አስጾምከን። ንስሐ አባታችን «እንዲህ ያለ አባወራ ብርቅ ነው» ብለው ሲያመሰግኑህ እኔ ሞኟ ኮራሁብህ። ለካ የጾምከው ለእመቤታችን ሳይሆን ለቅቤው ነበር።

ገብረየስ፦ ጾም መቼ ሰው ጎድቶ ያውቃል?

እታገኝ፦ ሰው ቤት ስትደርስ ግን አትጾምም። የማታውቀው ሰው ሞቶ ሦስት ወንዝ ተሻግረህ ንፍሮ ቅመህ የመጣህ ነህ። የጽዋው ማኅበር ተራ አንተ ጋ ሲደርስ ደግሞ ጋቢ ተከናንበህ አቃሰትክ። ማኅበርተኛው «እግዜር ይማርህ» ብሎ ሲወጣ ተነሥተህ ሞፈር ጠረብክ።

ገብረየስ፦ ሕመሙ እውነት ነበር።

እታገኝ፦ ሕመምህንማ አውቀዋለሁ። እጅህ አይዘረጋም። የት ነበር የደበቅኸው ይሄን ሁሉ?

ገብረየስ፦ በጎቹ ቤት። በላስቲክ ጠቅልዬ ፋንድያው ሥር።

እታገኝ፦ ባንክ ቤት ስትገባ ምን አሉህ ታዲያ?

ገብረየስ፦ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ራቅ አለ። እኔ አክብሮኝ መስሎኝ ነበር።

እታገኝ፦ የሚያከብርህ ሰው ስትፈልግ ስንት ዓመትህ! ገብሱን አብረን ነው የምንሸጠው፤ ለሽሮና ለበርበሬ የወጣው ሳይቀር አውቃለሁ። ይሄ ብር ከየት መጣ?

ገብረየስ፦ ከዚህም ከዚያም።

እታገኝ፦ ከዚህ የቱ፣ ከዚያ የቱ?

ገብረየስ፦ ከበግ ነዋ። ከሌላ ከምን ይመጣል?

እታገኝ፦ የሸጥናቸውን በጎች አውቃቸዋለሁ። ዋጋቸውንም፣ የገባበትንም አውቃለሁ። የትኞቹ በጎች?

ገብረየስ፦ በግ በግ ነው፤ ምን ስም አለው?

እታገኝ፦ ገብረየስ። ጅቡ።

ገብረየስ፦ የቱ ጅብ?

እታገኝ፦ ሁልጊዜ የገበያ ዋዜማ የሚመጣው ጅብ። ከመንጋው የሰባውን መርጦ የሚወስደው፣ ደም እንኳ የማያንጠባጥበው፣ አጥንት የማይተወው ጅብ! አጥሩ ሳስቶ ነው ብዬ እሾህ ስጎትት እጄ ደማ። ለእናቴ ተዝካር ያሰብኩትን ሙክት በላው ስትለኝ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አንተ አጠገቤ ቆመህ ጅቡን ረገምከው!

ገብረየስ፦ ሸጥኩት ብልሽ ገንዘቡን ለድግስ ትጨርሺው ነበር።

እታገኝ፦ ጅብስ ያነክሳል፤ ሰው ከሩቅ አይቶ ይጠነቀቀዋል። አንተ ቀጥ ብለህ ነው የምትሄደው።

ገብረየስ፦ አንቺ ሰባ ሰባትን አታውቂው። ጡት ላይ ነበርሽ። አባቴ ያንን ድልብ በሬ በአንድ ቁና ገብስ ሲለውጥ አጠገቡ ቆሜአለሁ። ቁናው ደግሞ አልሞላም ነበር። ያን ቀን ነው ሁለተኛ እጄን ባዶ አላይም ብዬ የማልኩት። ተሳለቂብኝ፤ ግን ያንን አላየሽም።

እታገኝ፦ አባትህን ነፍሳቸውን ይማር። በዚህስ አልስቅብህም። ግን ንገረኝ፣ በሰባ ሰባት ብር የበላ ሰው ነበር? የተረፈው ጎተራ ያለው፣ ጎረቤት ያለው ነው። አንተ ጎተራውን አራቁተህ ወረቀት ቀበርክ፣ ጎረቤቱንም ቆርጠህ ጣልክ። ክፉ ቀን እንዳይመጣ ስትፈራ በየቀኑ እኛ ቤት አሳደርከው።

ገብረየስ፦ አፍ አለሽ መቼም።

እታገኝ፦ ልጃችንን አዝመራን ሳንባዋን ያመማት ጊዜ ስንት ነበረህ?

ገብረየስ፦ እሱን አላስታውስም።

እታገኝ፦ የልጅህን የልደት ቀን ላታስታውስ ትችላለህ። ብር ግን አትረሳም። ስንት ነበረህ?

ገብረየስ፦ ወደ ዘጠኝ ሺህ።

እታገኝ፦ አባቴ ሲድሩኝ የሰጡኝን ላም ነድቼ ገበያ ወጣሁ። ነጋዴው ጭንቀቴን ከፊቴ አንብቦ በግማሽ ዋጋ ወሰዳት። ልጄ በቃሬዛ ሐኪም ቤት ስትሄድ አንተ ዘጠኝ ሺህ ላይ ተቀምጠህ «እግዜር ያውቃል» አልከኝ።

ገብረየስ፦ ዳነች አይደል?

እታገኝ፦ እንዳልተፋብህ ገብሱ ላይ ይወድቅብኛል።

ገብረየስ፦ ስደቢኝ። ነገ ስንመለስ እስከ ፋሲካ ስደቢኝ። ነገ ማታ ግን ይሄ ብር ብር አይደለም! ምን እንደሆነ ገባሽ?

እታገኝ፦ ገባኝ እንጂ። ለምን ለጎረቤታችን ለአያ ደስታ አትሰጠውም? መታወቂያው የታደሰ ነው፤ ፎቶውንም ኮቱን ለብሶ ነው የተነሣው።

ገብረየስ፦ ለደስታ? ነገ ማታ ዓይኑን በጨው አጥቦ ይክደኛል!

እታገኝ፦ ገበያ ላይ የድሮ ብር የሚለውጥ ነጋዴ አለ ይባላል።

ገብረየስ፦ ጠይቄዋለሁ። ከመቶው ስልሳ እሰጥሃለሁ አለኝ። ሌባ! የሰው ላብ!

እታገኝ፦ እንግዲያ ከሰው ሁሉ የማልክድህ እኔ ብቻ ቀረሁ ማለት ነው።

ገብረየስ፦ ሚስቴ አይደለሽ እንዴ!

እታገኝ፦ ዛሬ ሆንኩ?

ገብረየስ፦ ምን ማለትሽ ነው! ሁልጊዜም ነሽ እንጂ።

እታገኝ፦ እሄዳለሁ።

ገብረየስ፦ ተባረኪ! እኔ እኮ የደግ ልጅ መሆንሽን...

እታገኝ፦ ምርቃትህን ያዘው፤ እሱንም በኋላ ትቆጥርብኛለህ። ገንዘቡ በእኔ ስም ይገባል። ደብተሩም እኔ ጋ ይቀመጣል።

ገብረየስ፦ ለጊዜው ነው መቼም?

እታገኝ፦ ለጊዜው የሚል አልወጣኝም።

ገብረየስ፦ እሺ ይሁን፤ እሱን ስንመለስ እንነጋገርበታለን።

እታገኝ፦ በረት ያሰርከውን ወይፈን ደግሞ አሁኑኑ ፈትተህ ለአያ ቸርነት ትመልሳለህ።

ገብረየስ፦ ወይፈኑን? የጥሎሹን ወይፈን?

እታገኝ፦ የልጄን ዋጋ።

ገብረየስ፦ እሱ ያለቀ ጉዳይ ነው! አዝመራን ለልጁ ሰጥቻለሁ፤ ሠርጉም ለጥር ተቆርጧል። ሴትዮ፣ ብርና ጋብቻ ምን አገናኘው?

እታገኝ፦ አንተው ነህ ያገናኘኸው። ልጅቷን ከዘጠነኛ ክፍል ላስወጣት ስትል ምን ነበር ምክንያትህ? «የከተማውን ቤት ኪራይ ከየት አመጣለሁ? በየሳምንቱ ስንቅ ከየት አመጣለሁ? የለንም።» ልጅቷ አመነችህ። «አባቴ ምን ያድርግ እማዬ፣ ድሃ ነው» ብላ ላንተ አለቀሰችልህ። ለራሷ እንኳ አላለቀሰችም!

ገብረየስ፦ ቸርነት ደህና ሰው ነው። ድግስ እንኳ አልጠየቀም።

እታገኝ፦ ድግስ ስላልጠየቀ ነው የመረጥከው። ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሕጉም አይፈቅድልህም፤ እሷም አትፈልግም። አንተ ግን የድንኳንና የጌሾ ወጪ ተረፈልኝ ብለህ ጮቤ ረገጥክ።

ገብረየስ፦ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ወንድ ልጅ ደግሞ ቃሉን አይበላም።

እታገኝ፦ ብላ። ከዚያ ሁሉ ጾም በኋላ አንድ ነገር ብትበላ ማንም አይፈርድብህም።

ገብረየስ፦ ሰው ምን ይለኛል? ስሜስ?

እታገኝ፦ የቱ ስምህ? ሕፃናቱ «ቋጠሮ መጣ» ነው የሚሉህ።

ገብረየስ፦ እኔን?

እታገኝ፦ አንተን። ይሄን ሁሉ ዓመት አልሰማህም? መስማት እኮ ገንዘብ አያስወጣም።

ገብረየስ፦ ...የእነማን ልጆች ናቸው?

እታገኝ፦ የሁሉም። በቃ፣ በአንተ ቋንቋ ልንገርህ። ወይፈኑ ስንት ያወጣል?

ገብረየስ፦ ሃያ ሺህ ያለ ክርክር ያወጣል። ትከሻውን አላየሽውም?

እታገኝ፦ ከአርባ አንድ ሺህ ይበልጣል?

ገብረየስ፦ አይበልጥም።

እታገኝ፦ ወይፈኑን ካልመለስክ ነገ ማታ አርባ አንድ ሺህህ ለምድጃ ነው። እውነትህን ነው፣ የክብሪት ወጪ ይቀንስልሃል። ከመለስክ ግን አርባ አንዱ ነፍስ ይዘራል። ምኑ ነው ያልገባህ?

ገብረየስ፦ ሁለቱም የሚተርፉበት መላ አይጠፋም።

እታገኝ፦ ለዚያ መላ የታደሰ መታወቂያ አለህ?

ገብረየስ፦ ስሚኝ እስቲ። ሠርጉን ለከርሞ እናስተላልፈው። ወይፈኑ እዚሁ ይረስ፤ ልጅቱም ለአንድ ዓመት ትማር። ቸርነትን እኔ እሸነግለዋለሁ።

እታገኝ፦ ሰፌዴን አቀብለኝ። ፀሐይዋ ሳትገባ ገብሴን ልጨርስ።

ገብረየስ፦ ቆይ እንጂ! እየተነጋገርን አይደል?

እታገኝ፦ እኔ ጨርሻለሁ። አንተ ነህ እየተገበያየህ ያለኸው።

ገብረየስ፦ የቸርነት ቤት ወንዝ ማዶ ነው። ሳልመለስ ይመሽብኛል፤ መንገዱ ደግሞ ጅብ አለበት።

እታገኝ፦ ጅቡን አትፍራው፤ የቆየ ባልንጀራህ ነው።

ገብረየስ፦ ቸርነትንስ ምን እለዋለሁ? በየት አፌ?

እታገኝ፦ «ልጄ ትምህርቷን ትጨርሳለች፤ ይቅርታ አድርግልኝ» ትለዋለህ። ቅዳሜ አዝመራ ስንቅ ልትወስድ ስትመጣም እኔ አልነግራትም። ራስህ ፊቷ ቆመህ «ልጄ፣ አለን» ትላታለህ። ላትሰማህ ትችላለች፤ ከአፍህ ወጥቶ ስለማያውቅ ደጋግመህ በላት።

ገብረየስ፦ ከዚህ ሁሉ ገድለሽኝ ብትቀብሪኝ ይቀላል።

እታገኝ፦ ቀብርህ ወጪ አለው። አንተ ራስህ አትፈቅድም።

ገብረየስ፦ ...ወይፈኑ የት ነው የታሰረው?

እታገኝ፦ ያሰርከው አንተ፣ የምትጠይቀው እኔን? ጥግ ላይ ነው፣ ከላሚቱ ወዲያ።

ገብረየስ፦ ገመዱን እንኳ ላስቀረው? ቸርነት ረስቶታል፤ አይጠይቀኝም።

እታገኝ፦ ገመዱንም።

ገብረየስ፦ አዲስ ገመድ ነው እኮ!

እታገኝ፦ ገመዱንም አልኩህ። ከልጄ ላይ የተረፈ ነገር በዚህ በረት አይደር። ያንን መቀነቴንም ፍታና ብሩን እዚህ ሰፌድ ላይ አስቀምጥ። ወንዝ ስትሻገር ይረጥብብሃል።

ገብረየስ፦ ብሩን እዚህ? አንቺ ጋ? እኔ ሳልኖር?

እታገኝ፦ ነገ ባንክ ይዤው የምገባው እኔ አይደለሁም?

ገብረየስ፦ ይኸው። ላስቲኩን አትቅደጂው፣ ለሌላ ይሆናል። እንግዲህ ስሚኝ እታገኝ፤ ወይፈኑን ሰጥቼ ተመልሼ፣ ነገ ማለዳ «አልሄድም» ብትይኝስ? ወይፈኑም ሄደ፣ ብሩም ሞተ፣ እኔም ባዶ እጄን ቀረሁ። ምን ዋስ አለኝ?

እታገኝ፦ ዋስ? እኔ ካንተ ጋር ሃያ ዓመት ሙሉ ያለ ዋስ ነው ያደርኩት። አንተም እስቲ ለአንድ ሌሊት ያለ ዋስ እደር።